መንቀልና ማጨድ፦ ስለ ማገጥ ማሳ፣ ስለ አረምና ስለ ልጆቻችን



የሱኮት በዓል አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ በሚጠበቅበት ወቅት፣ በይዝራኤል ሸለቆ ያሉ ገበሬዎች ለከብት መኖ የሚሆነውን ቲልታን ይዘራሉ። ቲልታን በአገራችን ማገጥ ከምንለው ተክል ጋር አንድ ወገን ነው፤ በአንድ ዘንግ ላይ ሦስት ቅጠል ያለው፣ ላም ካየችው ከሌላው ሣር ለይታ የምትግጠው። እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች ነን እንጂ ገበሬዎች አይደለንም። ስለ ማገጥ ማሳ እንድንጽፍ ያነሣሣን በሥራችን ላይ ዘወትር የምንሰማው አንድ አነጋገር ነው።

አነጋገሩ «አረም ሳይበረታ ነው መንቀል» የሚል ነው። አባቶቻችን ይሉታል፤ አስተማሪዎች በዕብራይስጥ በሌላ ቃል ይሉታል፤ ውሳኔ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡ ባለሙያዎችም በዘዴ ይሉታል። የሚባለውም ለምሳሌ የ14 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ሲያቆም፣ ማታ ከመናፈሻው ሲጠፋ፣ ታናናሾቹም እሱን ማየት ሲጀምሩ ነው። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ይጨነቃል፤ ጎረቤት ይናገራል፤ «ይህን አንዱን ካላነሣችሁት ሌሎቹም ይበላሻሉ» ይባላል።

ይህ አነጋገር በእኛ እጅ ሲገባ ምሳሌ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የወጣቶች እንክብካቤና ቁጥጥር ሕግ፣ ለዚሁ ለተሾመ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ከባድ ሥልጣን ይሰጣል። ሠራተኛው ልጁ አደጋ ላይ ነው ብሎ ካመነ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ያቀርባል፤ ነገሩ አስቸኳይ ከሆነም ፍርድ ቤቱ እስኪወስን ድረስ ለጥቂት ቀናት ልጁን ከቤቱ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ሰውን ካለበት ቦታ መንቀል መቼ ነው ተገቢ የሚሆነው? የሚነቅለውስ በምን መብት ነው? ምሳሌው ከእርሻ የመጣ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ገበሬው በእውነት እንዲህ ያደርግ እንደሆነ እንይ።

የማገጥ ማሳ አስቸጋሪው ጊዜ የዚህ አገር የመኸር ወራት ነው። ማገጥ ሲበቅል ደካማና ቀስተኛ ነው። ከእርሱ ጋር አብሮ የሚነሣው የዱር ሰናፍጭና የሣር ዓይነት ሁሉ ግን ፈጣን ነው። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ከመዝራቱ በፊት ነው። ማሳውን አለስልሶ ያጠጣውና ይተወዋል። አረሙ ጊዜው የደረሰ መስሎት ብቅ ይላል። አንድ ሁለት ጣት ሲያህል ገበሬው መሬቱን ከላይ ከላዩ ጫር ጫር አድርጎ ያጠፋዋል። በጥልቀት አያርስም፤ ካረሰ ከሥር ተኝቶ የነበረውን ሌላ ዘር ያነቃዋል። ቀጥሎ ማገጡን ጠቅጠቅ አድርጎ፣ ለአንድ ሄክታር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ገደማ ይዘራዋል፤ ክፍት ቦታ ያላገኘ አረም አይስፋፋምና። ናይትሮጂን ያለበትን ማዳበሪያም አይጨምርም። ማገጥ በሥሩ ላይ ባሉት ትንንሽ እባጮች ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ ከአየር ላይ ናይትሮጂን ስለሚያገኝ ማዳበሪያው ብዙም አያስፈልገውም፤ ሰናፍጩና ሣሩ ግን ይጠግቡበታል።

ከበቀለ በኋላ ያለው ነገር ነው እኛን ያስገረመን። ሰናፍጩ ከማገጡ በላይ ቆሞ፣ ማሳው ሁሉ የጠፋ መስሎ እየታየ፣ ልምድ ያለው ገበሬ እጁን ይሰበስባል። ምክንያቱም የማገጡ ሥር ገና ቀጭን ነው፤ ከአረሙ ሥርም ጋር ተጠላልፏል። አንዱን ሰናፍጭ ስቦ ያወጣ ሰው አብረው የወጡ አምስት ማገጦች በእጁ ላይ ያገኛል። የወጣበትም ቦታ ባዶ ይሆናል፤ በባዶውም ቦታ ቀድሞ የሚበቅለው ሌላ አረም ነው። ገበሬው ሃምሳ ስልሳ ቀን ያህል ይጠብቅና ሁሉንም በአንድነት፣ ማገጡንም አረሙንም፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ ያጭደዋል። ማገጥ አዲስ ቀንበጥ የሚያወጣው ከታች፣ ከመሬቱ አጠገብ ስለሆነ ከታጨደ በኋላ በርትቶ ይነሣል። ሰናፍጩ እድገቱ ያለው ከላይ፣ ከጫፉ ነውና ዘር ሳይጥል ከታጨደ አብዛኛው መልሶ አይቆምም። ከሁለተኛው አጨዳ በኋላ ማሳውን ያየ ሰው፣ በመጀመሪያው ወር ተስፋ የተቆረጠበት ማሳ ነው ቢሉት አያምንም።

እንግዲህ «አረም ሳይበረታ ነው መንቀል» የሚለው ለጤፍ እውነት ሊሆን ይችላል። ለማገጥ ግን ከእውነት ይልቅ ጉዳቱ ይበዛል። ምሳሌ ስንጠቅስ ከየትኛው ማሳ እንደ ወሰድነው መጠየቅ ይገባናል።

ጤፍን ካነሣን ዘንድ፣ በአገራችን ማገጥ ራሱ አረም የነበረበት ጊዜ እንዳለ የሚያስታውሱ እናቶች አሉ። በደምቢያ ጥቁር መሬት፣ ክረምቱ በርትቶ ውኃ በሚያቁርበት ቦታ፣ ማገጥ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። በጤፍ ውስጥ ከተገኘ በጉልበት ተንበርክኮ የሚያርም ሰው ይነቅለዋል። የነቀለውን ግን አይጥለውም፤ ተሸክሞ ወደ ቤት ይወስደውና ለላሟ ይሰጣታል። ያው ተክል እስከ ቀትር አረም፣ ከቀትር በኋላ መኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ደግሞ ይህንኑ የኢትዮጵያ ማገጥ ዘር ከየደጋው ሰብስበው እንደ ውድ ነገር አጥንተውታል፤ ከዝርያዎቹ መካከል በሌላ አገር የማይገኙም አሉ። (ማገጥ ግን ፍጹም ነው አንልም። ላም በባዶ ሆዷ እርጥቡን ማገጥ ከጠገበች ሆዷ ተነፍቶ ልትሞት እንደምትችል ከብት ያገደ ሁሉ ያውቃል።)

በዚህ አገርም ተመሳሳይ ነገር አለ። ኹቤዛ የሚባለው፣ በአገራችን ልት ከምንለው ጋር የሚዛመደው ቅጠል፣ ከዝናብ በኋላ በየመንገዱ ዳር ይበቅላል፤ በማገጥ ማሳ ውስጥ ከገባ ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ አጨዳም በቀላሉ አይበግረውም። ገበሬው አይወደውም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1948 ኢየሩሳሌም በተከበበች ጊዜ፣ ነዋሪዎቿ ከየሜዳው እየለቀሙ የበሉት ይህንኑ ኹቤዛ ነው።

አረም ማለት እንግዲህ የአንድ ተክል ዓይነት ስም አይደለም። በዚያ ማሳ ላይ ርስት የሌለው ተክል ማለት ነው። ይህን ቃል የመረጥነው አስበን ነው። ወላጆቻችንና አያቶቻችን በጎንደር አካባቢ ለብዙ ዘመን ርስት ተከልክለው፣ የሰው መሬት እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡና ሸክላ እየሠሩ ኖረዋል፤ መሬቱ የሕዝብ ነው ተብሎ እስከ ታወጀበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ሁኔታው ይኸው ነበር። የወጣላቸውም ስም መጻተኛ፣ አገር የሌለው የሚል ትርጉም የሚሰጠው ስም ነበር። በሰው ማሳ ላይ ያለ ርስት መብቀል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ፣ የራሱን ልጅ አረም ብሎ ለመጥራት ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሊዘገይ ይገባዋል ብለን እናምናለን።

አሁን ግን ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም ትክክለኛ ነው። ሁሉም አረም ሰናፍጭ አይደለም። ከትግራይና ከወልቃይት የመጡ ወገኖቻችን አቀንጭራን ያውቁታል። አበባው ያማረ ነው፤ ከታች ግን ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ምግቡን ይጠጣል፤ ከመሬት በላይ ብቅ ሲል ጉዳቱ አብዛኛው ተፈጽሟል። የማገጥም አቀንጭራ አለው፤ በዕብራይስጥ ክሹት ይባላል። ቅጠል የለውም፤ ቢጫ ክር ይመስላል። ሙቀት ሲጀምር ይበቅልና የማገጡን ግንድ ይጠመጠመዋል፤ ከያዘው በኋላ የራሱ ሥር ይደርቃል፤ ኑሮው በሙሉ በሌላው ላይ ይሆናል። አንዱ ተክል በሺህ የሚቆጠር ዘር ያፈራል፤ ዘሩም በመሬት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። እዚህ ላይ መታገሥ ስንፍና ነው። ገበሬው ክሹት የያዘውን ቦታ ዘር ሳይጥል ቆርጦ ያቃጥለዋል፤ የያዘውንም ማገጥ አብሮ ያቃጥለዋል፤ ለይቶ ማዳን አይቻልምና።

በቤት ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር አለ። የሚደበደብ ሕፃን አለ፤ የምትደፈር ልጅ አለች። የወገን ደም ሲፈስ ቆሞ ማየትን ኦሪታችን በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ትከለክላለች። «የቤተሰብ ምሥጢር ነው፤ በሽማግሌ ይታይ» እየተባለ ሳምንት የሚቆጠርበት ጊዜ አለ፤ በዚያ ሳምንት የሚሆነውን ሽማግሌው አያይም። በዚህ ጉዳይ ለመታገሥ የሚደረግ ጥብቅና ሁሉ በእኛ ዘንድ ተቀባይነት የለውም።

ይሁን እንጂ የክሹትን ነገር እስከ መጨረሻው እንከተለው። ክሹት ወደ ንጹሕ ማሳ ከሚገባባቸው መንገዶች ዋነኛው ገበሬው ገዝቶ የዘራው ዘር ነው። የክሹት ዘር ከማገጥ ዘር ጋር በመጠን ስለሚቀራረብ ወንፊት አይለየውም። ስለዚህ የዘር አበጣሪዎች አንድ ብልሃት አገኙ፦ የማገጥ ዘር ለስላሳ ነው፤ የክሹት ዘር ሻካራ ነው፤ ዘሩን በከፈይ በተሸፈነ ተሽከርካሪ በርሜል ላይ ሲያንከባልሉት ማገጡ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ክሹቱ በከፈዩ ላይ ተይዞ ይቀራል። በዚህ መኪና ያላለፈ ዘር የሸጠ ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል። በግንቦት ወር የሚቃጠለው ማገጥ ግን የገበሬው ነው። እኛ በምንሠራበትም ቦታ፣ አንድ ልጅ በ14 ዓመቱ በጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፣ በ6 ዓመቱ ማንበብ ሳይማር ወደ ሁለተኛ ክፍል ያሳለፈው ሰው በዚያ ስብሰባ ላይ አይገኝም። ወላጆቹ ያልገባቸውን ወረቀት ያስፈረመም አይገኝም። የሚገኙት እናቱ፣ አባቱና ልጁ ናቸው።

ስለ መንቀል መብት ስናስብ በታልሙድ፣ ባቫ ሜፂዓ በተባለው ክፍል ያለ አንድ ታሪክ ይታወሰናል። ይህ መጽሐፍ በአገራችን ያልነበረ ስለሆነ ለብዙዎቹ ሽማግሌዎቻችን አዲስ ሊሆን ይችላልና ባጭሩ እንንገረው። የረቢ ሺምዖን ልጅ ረቢ ኤልዓዛር፣ ሌቦችን የሚይዝ የሮማ መንግሥት ሹም እንዴት ሌባን ከንጹሕ ሰው መለየት እንደሚችል በብልሃት ቢመክረው፣ መንግሥቱ ሥራውን ለራሱ ሰጠው። እርሱም ከገዛ ሕዝቡ ሌቦችን እያሳደደ ያስረክብ ጀመር። ረቢ ይሆሹዓ ቤን ኮርኻ እስከ መቼ የአምላክን ሕዝብ ለሞት ታስረክባለህ ብሎ ላከበት። ረቢ ኤልዓዛርም ከወይኑ ቦታ እሾህ እያጸዳሁ ነው ብሎ መለሰ። ያኛውም የወይኑ ባለቤት ራሱ መጥቶ እሾሁን ያጽዳ ብሎ ላከበት። ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ልብስ አጣቢ ሲሰድበው ይህ ክፉ ሰው መሆን አለበት ብሎ አስያዘው። ቁጣው ከበረደ በኋላ ሊያስፈታው ሞከረ፤ አልተቻለውም። ሰውዬው በተሰቀለ ጊዜ ከእንጨቱ ሥር ቆሞ አለቀሰ። ሰዎች መጥተው የሞተው በእርግጥ ክፉ እንደ ነበር ነግረው አጽናኑት። መጽናናቱ ግን ቀድሞ በነገሩ ላይ የነበረ እርግጠኛነት አልነበረም።

እኛን የሚያሳስበን የዚህ ታሪክ ክፍል ያቺ ማስፈታት ያቃተችው ሰዓት ናት። ረቢ ኤልዓዛር ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተማረ፣ ለሕዝቡም የሚያስብ ነበር። ነገር ግን አንድን ሰው ለትልቅ መሥሪያ ቤት ካስረከቡ በኋላ መመለስ በአስረካቢው እጅ አይደለም። ልጅም እንዲሁ ነው። በአንድ ቀን ስብሰባ ከቤት የወጣ ልጅ ወደ ቤት ለመመለስ ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል፤ ሲመለስም ታናሽ እህቱ አታውቀውም፤ ከእናቱ ጋር የሚነጋገርበት አማርኛ ወይም ትግርኛ ጠፍቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከወጣቶቻችን ብዙዎቹ በየፕኒሚያው ያደጉ ስለሆነ፣ ይህን ለማስረዳት ከዚህ ማኅበር አባላት መካከል ምስክር መፈለግ አያስፈልገንም።

ታዲያ ሚዛኑ ምንድን ነው? ለእኛ የረዳን ሌላ የእርሻ ሕግ ነው። በሽሚታ ዓመት፣ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2022 እንደ ነበረው፣ ምድር ታርፋለች። ዛፍ ከሥሩ መኮትኮትን በተመለከተ ጠቢባን በሞዔድ ካታን አንድ ልዩነት አስቀምጠዋል፦ ዛፉ እንዳይሞት ለማቆየት የሚደረገው ኩትኳቶ የተፈቀደ ነው፤ ዛፉን ለማሻሻል፣ ለማበርታት የሚደረገው ግን አይፈቀድም። እጁ አንድ ነው፤ መኮትኮቻውም አንድ ነው፤ የሚለየው ለምን እንደ ተነሣ ነው።

ይህን ልዩነት ወደ ሥራችን ስናመጣው ብዙ ነገር ይጠራል። ልጅ እንዳይሞት፣ እንዳይጎዳ ከቤት ማውጣት ማቆየት ነው። እዚህ ላይ እንዲያውም የምንነቅለው አረም አይደለም፤ ማገጡን ነው ከክሹቱ የምናሸሸው። ነገር ግን ቤቱ ጠባብ ነው፣ ወላጆቹ ዕብራይስጥ አይችሉም፣ አባቱ ዝም ያለ ሰው ነው፣ ልጁ ክፍል ይረብሻል፣ ሰፈሩ ስሙ ጠፍቷል ተብሎ የሚደረገው ማውጣት ማሻሻል ነው፤ ያውም በማን ዓይን? ዝም ማለት በእኛ ዘንድ ጨዋነት ሆኖ ሳለ በመዝገብ ላይ «ከልጁ ጋር ግንኙነት የለውም» ተብሎ ሲጻፍ አይተናል። ለማቆየት የተሰጠ ሥልጣን ለማሻሻል ሲውል፣ ሥልጣኑ ከተሰጠበት ወሰን አልፏል ብለን እንከራከራለን።

ምሳሌው ራሱ የሚሰበርበትም ቦታ አለ፤ ሳንናገረው ማለፍ የለብንም። ሰናፍጭ የቱንም ያህል ቢታገሡት ማገጥ አይሆንም። የ14 ዓመት ልጅ ግን በ16 ዓመቱ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ በፊት በየመናፈሻው ያመሹ ከነበሩት መካከል ዛሬ አምቡላንስ የሚነዱ፣ ክፍል የሚያስተምሩ አሉ። ገበሬው ማሳው የራሱ ነው፤ እኛ ግን ማሳው የእኛ አይደለም፤ በሰው ቤት ገብተን ነው የምንመለከተው። ስለዚህም ገበሬው ለማገጡ ከሚታገሠው በላይ መታገሥ ይገባል፤ መታገሥ ማለት ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ገበሬውም ከሃምሳ ቀን በኋላ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። በእኛ ባህል ለዚህ ሥራ ሽምግልና ነበረን፤ ያጠፋውን ሰው ከመካከላችን ሳያወጡ ዝቅ የሚያደርግ፣ የተበደለውንም የሚያነሣ። ሽማግሌው በዚህ አገር ሥልጣኑ ቀንሷል፤ ሕግ አያውቅም፤ ቋንቋም ያስቸግረዋል። ሆኖም ልጁን በቀጠሮ ሳይሆን በየቀኑ የሚያየው ሰው ነው። ለልጁ ሌላ ትምህርት ቤት መፈለግ፣ ከሰዓት በኋላ የሚውልበት ሥራ ማግኘት፣ አባትየውን ብቻውን በአማርኛ ማነጋገር፣ ከልጁ ጋር በሳምንት አንድ ቀን የሚውል ጎልማሳ መመደብ፤ እነዚህ ሁሉ አጨዳ ናቸው። ውጤታቸው በሁለት ወር ውስጥ ስለማይታይ ገንዘብ ለማግኘት ያስቸግራሉ። ሥር ቆርጦ የሚጥለው ውሳኔ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጸማል፤ መዝገቡም ይዘጋል።

መውጣት ግድ በሆነበት ጊዜስ? ገበሬው ክሹቱን ካቃጠለ በኋላ ያን ክብ ቦታ ባዶውን አይተወውም፤ ክሹት የማይዘው እህል፣ ስንዴ ወይም ገብስ፣ ይዘራበታል። በእኛ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ልጁ ይወሰዳል፤ አልጋው እንደ ተነጠፈ ይቀራል፤ ሠራተኛው ወደሚቀጥለው ቤተሰብ ይሄዳል። እናቲቱ ጎረቤት እንዳይጠይቃት በር ዘግታ ትውላለች፤ ታናሹ ልጅ ቀጥሎ የሚወሰደው እሱ እንደሆነ ያስባል።

ወላጆች ወደ ውሳኔ ስብሰባ የመጠራትና የመናገር መብት አላችሁ። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጃችሁን ወይም የጎረቤት ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉ። የምታምኑትን ሽማግሌ ወይም ቄስ ይዛችሁ መግባት ትፈልጉ እንደሆነ ቀደም ብላችሁ አሳውቁ። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ልጁ ይውጣ የሚል አሳብ ከቀረበም፣ እኛም በዚያ ጠረጴዛ በኩል ስንቀመጥ የምንጠይቃቸውን ሁለት ጥያቄዎች እናንተም ጠይቁ፦ ልጁን የምታወጡት ለማቆየት ነው ወይስ ለማሻሻል? በሚቀጥለው ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ወደዚህ ቤት የሚመጣው ሰው ማን ነው? ስሙና ስልክ ቁጥሩ ይጻፍልን።